መሬት የምትልስ መኪና

ልጆቹ ናቸው ይንገሩን ብለው የያዙኝ። የልጅ ልጄ አንዲት ያረጀች መኪና ገዛና ሞላዋን አስቆርጦ መሬት ላይ አስተኛት፤ እንዲህ ዝቅ ስትል ነው የምታምረው ይላል። ባለፈው ቅዳሜ እኔንና ታናሽ እህቱን ጭኖ ወደ ዓለም ባንክ ስንወጣ መንገዱ ላይ የተጋደመው የፍጥነት መቀነሻ ብሬከር ላይ ሆዷ ቋ አለና እዚያው ቁጭ አለች። የፊት ጎማዎቿ ወዲያ፣ የኋላዎቹ ወዲህ፣ መሀሏ ብሬከሩ ላይ። ከኋላችን ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ለቀቁት። አንዱ ወያላ በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ "ጀለስ፣ እንቁላል ታቅፋለች እንዴ?" ሲለው እኔን ሳቅ ያዘኝ። ሳቄን ልዋጠው ብል እንባ ሆኖ ወጣ።

"እማማ፣ ምን ያስቅዎታል? እኔ የጭስ ማውጫ ማርሚታዬ ወልቆ!"

"ምንም አይደል ልጄ፣ አያትህ ትዝ ብሎኝ ነው።"

"አያቴ መኪና ዝቅ ያደርጉ ነበር እንዴ?"

"ያውም እኔን ሙሽራዋን ጭኖ።"

ከዚያ ወዲያ መች ለቀቁኝ። እንግዲህ እኔ አስኳላ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆች ካደጉልኝ በኋላ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆኜ ነው። ስለዚህ ነገሬ እንደ ኮልፌ ቅያስ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄድና ግንብ ሲያገኝ ይታጠፋል። የቸኮለ ሰው ይለፈኝ።

ያኔ፣ የጃንሆይ ዘመን ማብቂያው ግድም፣ ኮልፌ እንዲህ ቤት በቤት አልነበረም። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ገብስ ነበር፤ ገብሱ ሲያልቅ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ጉም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከወጨጫ ተንከባሎ ይወርድና ሰፈሩን ይውጠዋል። የሰው ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፣ ፊቱ በኋላ። "አሰላሙ ዓለይኩም" የሚል ትሰማለህ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ትመልሳለህ፤ ሰውየው ሲደርስ ሰላምታው አልቆ ዝም ብላችሁ ትተላለፋላችሁ። እኔ ያንን ጉም እስከ ዛሬ አልማለሁ።

አባቴ መንገድ ዳር ባለችው ሱቁ ገመድ፣ ሰሌንና ቃጫ ይሸጥ ነበር። ወንድም የለንም፤ እናቴ ሴት በሴት ነው የወለደችው። እህቶቼ ሁሉ አግብተው ወጥተው ከአባቴ ጋር ሱቅ የምቀመጠው እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። ቃጫውን በጣቴ ዳስሼ ይሄ የደረቀው በጥላ ነው፣ ይሄ ፀሐይ በልቶታል እለው ነበር። ገበያተኛ ሲከራከረው፣ "እኔን ተወኝ፣ ልጄን ጠይቃት" ይላል። ብዙ አይናገርም አባቴ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁለታችንም መንገዱን እያየን ዝም እንላለን። ዝም ማለታችን ጨዋታ ነበር ብል የሚያምነኝ የለም።

ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ መሀል መንገዱ ላይ፣ ጀርባዋ ብቻ የወጣ ድንጋይ ነበረች። አህያውም ጋሪውም አያስተውላትም። አንድ ጠዋት ግን ከጉሙ ውስጥ አንዲት መኪና መጣችና ድንጋይዋ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። መኪናስ አይቻለሁ፤ ታክሲም የጭነትም አይቻለሁ። ይቺ ግን እግር የላትም። እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ረዥም፣ ሰፊ፣ ቀለሟ ፀሐይ ጠልቃ ገና ሳይጨልም እንዳለው ሰማይ፤ ጎማዋ ግማሹ ከላዩ ባለው ክዳን፣ በፓራፋንጎው፣ ተሸፍኖ፣ ሆዷ መሬቱን ሊልስ ምንም አልቀረውም። ጉሙ ከሥሯ አያልፍም፤ በጎንና በጎኗ ይከፈላል። ከዚያ በዝግታ፣ እንደሚሳብ ነገር፣ ድንጋይዋን ወደ ጎን ትታ አለፈች። የሚነዳት ልጅ ወደ ሱቃችን ዞር ብሎ አየ። እኔም አየሁ። አባቴም አየ፤ እሱ ግን ያየው መኪናዋን ነው።

"ሰው መኪናን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ ያደርጋል?" አለ።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው መምጣት ጀመረች። ሰፈሩ "እንሽላሊቷ" አላት። ሁልጊዜ ሱቃችን ፊት ለፊት ስትደርስ ትዘገያለች፣ እኔም ሁልጊዜ ፊቴን ወደ ገመዱ አዞራለሁ። ለእኔ ብሎ ነው የሚዘገየው ብዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ! ከተጋባን በኋላ ስጠይቀው ሳቀብኝ። "ኮፓዋ እንዳይመታ ነዋ፣ ያቺ ድንጋይ የሞተሩን ዘይት ልታፈስልኝ" አለ። አኮረፍኩ። ሦስት ቀን ይሁን አራት እንጃ፣ ብቻ ወጡን ጨው አሳጣሁት። ሲጨንቀው፣ "በላይኛው በኩል እኮ ምንም ድንጋይ የሌለው መንገድ ነበረልኝ" አለ። ታረቅን።

እሱ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። መኪናዋ ገደል ገብታ ፊቷ የተጨፈለቀ፣ ባለቤቷ የተዋት አሜሪካ ሠራሽ ናት። ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ ቀጥቅጦ፣ በይዶ፣ ቀብቶ አስነሣት። ዝቅ ያደረጋት ለምን እንደሆነ ሁለት ዓይነት ነው የሚናገረው። ለሰው ሲናገር፣ "ዝቅ ያለ መኪና ጥምዝ ላይ አይገለበጥም፣ ገደል የገባችው እኮ ከፍ ስላለች ነው" ይላል። ለእኔ ሲናገር ግን፣ "ቆማ ሳያት እየተንሳፈፈች እንድትመስለኝ" ይል ነበር። የፊቶቹን ሞላዎች በመጋዝ ቆርጦ አሳጠራቸው። ከኋላ ደግሞ ባሌስትራ የሚሉት፣ ብረት በብረት ላይ የተደራረበው አለ፤ ከሱ ውስጥ ጥቂቱን አውጥቶ ጣለ። ጣሊያኑ አለቃው ጭንቅላቱን ይዞ፣ "ይሄ አገር ለዚህ መኪና አልተሠራም!" ይለው ነበር አሉ። እውነቱን ነው። ባዶዋን ስትሆን ደህና ናት። ሰው ሲጫንባት ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተግና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ሞላው የሚታጠፍበት ስለሌለው ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ጥርስህ ይሰማዋል። ከጉድጓዱ ከወጣች በኋላ ሰርግ እንደደረሰባት ኮረዳ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለች ብዙ ትሄዳለች።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ ልጁን አልጠላውም፤ አስጠይቆ ጠባዩንም ሰግዶ አዳሪነቱንም ሰምቷል። ግን ሽማግሎቹን አስቀምጦ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ መኪናዋ ይጠይቃቸው ጀመር። "በቅሎ ብትሆን ወንዝ ትሻገራለች። ይቺ ምን ትሻገራለች?" አንዱ ሽማግሌ፣ "ሐጂ፣ ልጅቷን የምንጠይቅህ ለልጁ ነው፤ ለመኪናዋ አይደለም" ሲሉ ቤቱ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ሲቆይ ግን እሺ አለ፤ ኒካውም ታሰረ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሺ ሲል ድምፁን ሰማሁ፤ ቃጫ ሲላጥ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል።

አሁን የኛን ቤት ወግ ልናገር፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በእኛ ዘንድ ኒካ መታሰሩ ብቻ አይበቃም። ሙሽራ ከአባቷ ደጅ እስከ ባሏ ደጅ እግሯ መሬት አይነካም። ደጅ ላይ ሽማግሌ መርቆ እጇን እስኪሰጠው ድረስም ባሏ አይነካትም። በመንገድ የሚያዝላት ቢያስፈልግ የእናቷ ልጅ ወንድሟ ነው፤ የኔ እናት ደግሞ ወንድ የላትም። ከሙሽራዋ እናት የሚመጣው ዕቃም በመንገድ አይከፈትም፣ ምን አለበት ተብሎም አይጠየቅም፤ የሚከፍተው የሙሽራው እናት ነች። ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው አብሮ ይሄዳል። ሙሽራዋ እግሯ መሬት ከነካ ያ ሰው እጇን ይዞ ወደ አባቷ ቤት ይመልሳታል፤ ዓመት እስኪዞር እዚያው ትቀመጣለች። በበቅሎ ጊዜ የወጣ ወግ ነው። በቅሎ ደግሞ ሆዷ መሬት አይነካም።

ጠባቂ ሆና የተመደበችብኝ አክስቴ ነች፣ የአባቴ ታላቅ እህት። አባቴን ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስትቆም በር ትሞላለች፤ ስትቀመጥ አግዳሚ ወንበር ይጮኻል። ጥቁር ጃንጥላ አላት፤ ለዝናብም ለፀሐይም ሳይሆን ሰው ለመጠቆም የምትይዘው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራው ብልህ ነኝ ብሎ ቀደም ብሎ ጓደኞቹን ጭኖ መንገዱን ሞክሮ ነበር፤ መምጫውንም መመለሻውንም። ምክንያቱም ሙሽራ የሚወስድ ሰው በመጣበት መንገድ አይመለስም። በአስፋልቱ ይመጣል፣ ሲመለስ በውስጥ በኩል፣ በፒስታው፣ ወንዙን አቋርጦ ነው ወደ እናቱ ቤት፣ ዛሬ አየር ጤና ወደሚባለው ወገን የሚወጣው። የጓደኞቹን ውፍረት እየገመተ፣ "ይሄኛው እንደ ሙሽራዋ፣ ይሄኛው እንደ አክስቷ" እያለ ጭኖ፣ ወንዙ ጋ ወርዶ እጁን ከሆዷ ሥር አስገብቶ ለካ። ሁለት ጣት ይተርፋል። በቃ፣ ያልፋል ብሎ ደስ ብሎት ተኛ። ያልለካው ምን መሰላችሁ፣ እናቴ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የምትጭነውን ነው። እሱ እንዳይጠይቅ ወጉ አፉን ይዞታል። ያን ሰሞን ደግሞ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለ።

ቬሎ ለብሼ ከቤት ስወጣ ከደጃችን እስከ መኪናዋ ድረስ ሰሌን ተነጥፏል፤ የአባቴ ሱቅ ሰሌን። በሱ ላይ ሄጄ ገባሁ። መሪውን የያዘው ሙሽራው ራሱ ነው፤ የመኪናዋን ጠባይ የሚያውቅ ሌላ የለማ። ከጎኑ ሁለት ሚዜዎች፣ ከኋላ አንድ ሚዜ፣ እኔና አክስቴ። አክስቴ ስትገባ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ወረደች። ከፊታችን ዘፋኞቹንና አጃቢዎቹን የጫነች ትሬንታ ኳትሮ ነበረች፤ ያቺ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ከፍ ያለች፣ ከሥሯ ፍየል የሚያልፍ። አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን አላነሣም። አክስቴን ብቻ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፣ እሷም በጃንጥላዋ መሬቱን መታ አድርጋ ገባች።

ከሰፈር እስክንወጣ ደህና ነበር። የቬሎውን መጋረጃ ፊቴ ላይ እንደጣሉብኝ ሁሉን በነጭ ነው የማየው፤ ባሕር ዛፉ ነጭ፣ ገብሱ ነጭ፣ የሙሽራው ማጅራት ነጭ። ከጆሮው ኋላ ግን ሳሙና ያላስለቀቀው የሞተር ዘይት ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። መንገዱን ሙሉ እሱን አየሁ። መኪናዋ ትወዛወዛለች፤ እንደ ሕፃን አልጋ። ዓይኔ ሊከደን ሁሉ ነበር።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች አክስቴ።

"ጎማ ነው እትዬ፣ ትንሽ ይፋተጋል" አለ ሙሽራው።

"በሰርጋችን ቀን ሽቶ አጥታችሁ ነው?"

ሚዜዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ወዲያው አንድ ጉድጓድ ገባንና ግው! አለ። አክስቴ ጃንጥላዋን ጣሪያው ላይ አሳረፈችው። "አንተ ልጅ! ይቺን ነገር ያሳነስካት መኖ ከልክለህ ነው?"

ወንዙ ጋ ስንደርስ ትሬንታ ኳትሮዋ ተሻግራ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ዘፈኑ ብቻ ነበር የሚሰማው። ወዲያው ዘፈኑም ጠፋ። እነሱ ኋላቸውን አላዩም። የወንዙ ውሃ ጥልቅ አልነበረም፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ቢሆን ነው። ግን የሰሞኑ ዝናብ ግራና ቀኙን አጥቦ ወስዶት መሀሉ ላይ ድንጋያማው ጀርባ ብቻ ቀርቷል። ሙሽራው አቆመ። ወርዶ አየ። ተመልሶ ገባ። በጣም ቀስ ብሎ፣ እስትንፋሱን ይዞ አስገባት። የፊት ጎማዎቿ ጀርባውን አለፉ፤ ከዚያ ከሥራችን ረዥም የመፋቅ ድምፅ መጣና መኪናዋ በሆዷ ተቀመጠች። ጎማው በባዶው ይሽከረከራል። የልጅ ልጄ ብሬከሩ ላይ የሆነውን ነው፤ ያኛው ግን በውሃ መሀል።

ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወረዱ። መኪናዋ ትንሽ ከፍ አለች፣ ግን አልለቀቀችም። ክሪክ አውጥተው ሊያነሷት ሞከሩ፤ ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ እንጂ መኪናዋ አልተነሣችም። የመጀመሪያው ሚዜ፣ "የኋላውን ዕቃ ብናራግፍላት..." ብሎ ሳይጨርስ አክስቴ በመስኮት ብቅ አለች።

"እጅህን! የሙሽራ ዕቃ መንገድ ላይ ሊፈታ? ገበያ ነው እንዴ?"

"እንግዲያው እትዬ፣ እርስዎ ቢወርዱልን..."

"እኔ ከወረድኩ እሷን ማን ይጠብቃታል?"

"ሙሽራዋም ብትወርድ ነበር የሚሻለው" አለ ሦስተኛው፣ ከሁሉም ልጅ የሆነው።

አክስቴ ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አጋደመች። ከዚያ በቀስታ፣ "ትውረድ" አለች። "አንድ እግሯ ትንካ። እኔ እጇን ይዤ በዚያች ዳገት ወደ ወንድሜ ቤት እመለሳለሁ። ዓመት ሲዞር በበቅሎ ትመጣላችሁ።"

ውሃው ድምፁ ጨመረ መሰለኝ። ልብሴ ውስጥ ሆኜ እግሬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። እናንተ ዓመት ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ለዚያ ልጅ ስንት ጠዋት በጉም ውስጥ ዓይኔን ተክዬ እንደኖርኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ዓመት ማለት ደግሞ ሰው ሐሳቡን የሚቀይርበት ጊዜ ነው፤ የሱም፣ የቤተሰቡም፣ የአባቴም።

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችና ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ በአማርኛ፣ "ልጅቱን ለኛ ስጡን፣ ከልብሱ ጋር እናሻግራት!" አለች።

ሙሽራው ውሃው ውስጥ ቆሞ ነበር። አዲሱ ጫማው ሞልቶ። መኪናዋን ያያል፣ ወንዙን ያያል። አክስቴን አላየም፣ እኔንም አላየም። ድንገት ግንባሩን መታ።

"ወንበሩ እኮ ይነቀላል!"

"ምኑ?" አለች አክስቴ።

"የኋላው ወንበር፣ እትዬ። እኔ ነኝ የሰፋሁት። የተቀመጡበት እንዳለ ይወጣል። እሷ እላዩ ላይ ትቀመጥ፣ እኛ ወንበሩን እንሸከማለን። እግሯ መሬት አይነካም፣ የኔም እጅ እሷን አይነካም።"

አክስቴ አሰበች። የወግ ነገር ሲመጣ ዳኛ ነች፣ ዳኛ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ማሰብ አለበት። "አንተ ወንበሩን ስትይዝ እሷን እንደያዝክ አይቆጠርም?"

"እስካሁንስ መሪውን ይዤ አይደል የወሰድኳት?"

ይቺን ሲል ሚዜዎቹ፣ "ወላሂ እውነቱን ነው!" ብለው ተንጫጩ። አክስቴ ከንፈሯን ነክሳ፣ "በቅሎም ላይ ኮርቻ ነበረ" አለች። "ይሁን። ወንበር ኮርቻ ነው።"

እኔ ወደ ፊተኛው ወንበር ተሻገርኩ፤ እንዴት እንደተሻገርኩ አትጠይቁኝ፣ ቬሎው መሪው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አክስቴ ጫማዋን በእጇ፣ ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛ ውሃው ውስጥ ወረደች፤ መኪናዋም ተነፈሰች። ወንበሩን ነቅለው አወጡት፤ ቀይ፣ ረዥም፣ ከሥሩ የሽቦ ሞላ ያለው። አራቱ፣ ሦስቱ ሚዜዎችና ሙሽራው፣ ማዕዘን ማዕዘኑን ይዘው በሩ ሥር ደቀኑት። እንዲያው ያን ቀን ዝቅ ማለቷ ለአንዲት ነገር ጠቀመ፤ ከበሩ ወደ ወንበሩ ሽርተት ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ጎንበስ እንኳ አላልኩም።

ከዚያ አነሱኝ።

ልጆቼ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ። አውሮፕላንም ተሳፍሬአለሁ፣ ሐጅ ሄጄ። እንደዚያ የተንሳፈፍኩበት ቀን ግን የለም። በቀይ ወንበር ላይ እግሬን አጥፌ ተቀምጫለሁ፤ ከሥሬ ውሃ፣ ከላዬ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተገላበጠ ያበራል። ሴቶቹ ማጠቡን ትተው ቆመዋል። ወንበሩ በየእርምጃው እንደ መኪናዋ ከፍ ዝቅ ይላል። የሙሽራው ማጅራት ከፊቴ ነው፣ ያ ጥቁር ነጥብ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ። መሀል ስንደርስ ከኋላ በኩል የያዘው ትንሹ ሚዜ አልጌ ረግጦ አዳለጠው። ወንበሩ ዘመመ። መጋረጃዬ ፊቴ ላይ ተጠቀለለና ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነ፣ እግሬም ከልብሱ ጋር ወደ ታች ሄደ።

"ያዢ!" አለኝ ሙሽራው።

ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ያ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያልፍና ሲያገድም አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያዙኝ። ቀና አደረጉኝ። መጋረጃውን ስገልጥ ማዶ ነበርን፤ ወንበሩ ሣር ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ወንበሩ ላይ።

"ማንም እንዳይጠጋ!" አለች አክስቴ። ቬሎዬ ሥር ተንበርክካ ጫማዬን ያዘች። ልብሱ ውስጥ ጭንቅላቷን አግብታ ብዙ ቆየች። ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ ወንዙን ያይ ነበር፤ ከጣቶቹ ውሃ ይንጠባጠባል። ሚዜው ማልቀስ ነው የቀረው። አክስቴ ብቅ ስትል ሻሿ ተፈትቶ ነበር።

"ደረቅ ነው" አለች ጮክ ብላ። "ወንበራችሁን መልሱና ውሰዷት።"

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሙሽራው ሮጦ ሰው የሌለባትን መኪና አስነሣ። ከሆዷ የሚወጣውን ድምፅ አልረሳውም፤ ድስት በአሸዋ ሲፈገፈግ ነው የሚመስለው። ማርሚታዋን ወንዙ ላይ ጥላ ወጣች። ሚዜው፣ ያ ያዳለጠው፣ ለቅጣቱ ማርሚታውን በሱፍ ኮቱ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞ ሄደ። ያለ ማርሚታ ደግሞ መኪናዋ እንደ ታንክ ነው የምትጮኸው፤ የሙሽራው እናት ቤት ገና ሳንደርስ ሰው ሁሉ ወጥቶ ጠበቀን። ሽማግሌው መርቀው እጄን ለሱ ሰጡ። እጁ ገና እርጥብ ነበር።

እናቱ ዕቃ መጫኛውን ስትከፍት ነው ጉዱ የታየው። ቆጮው አለ፣ ቅቤው አለ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የእናቴ ወፍጮ ድንጋይ ከነመጁ። ባሌ ድንጋዩን አይቶ መሬት ቁጭ አለ። "ይቺን ባውቅ ኖሮ ሁለት የባሌስትራ ብረት እመልስ ነበር" አለ። መለሰም። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ያወጣውን ብረት ሁሉ መልሶ፣ ሞላውንም በሙሉው ቀይሮ ከፍ አደረጋት። ቆማ ሲያያት ግን ያዝን ነበር። "አሁን መኪና ሆነች" ይላል። እኔም አዝን ነበር፤ ለሱ ግን አልነገርኩትም። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ ቤንዚን ጠፋ፣ እሷም ሄደች፤ ቆይቶ እሱም ሄደ፣ አላህ ይማረው።

ልጆቹ እዚህ ላይ አለቀ ብለው ሊነሡ ነበር። ገና ነው።

አባቴ ካለፈ ብዙ ጊዜ በኋላ፣ አክስቴ በጣም አርጅታ፣ ለዉዱዕ ጎንበስ ማለት ሲያቅታት እኔ እየሄድኩ እግሯን አጥብላት ነበር። አንድ ቀን ውሃውን ሳፈስላት ጭንቅላቴን ይዛ፣ "ጫማሽ ጭቃ ነበረው" አለችኝ።

"የቱ ጫማዬ፣ እትዬ?"

"የወንዙ ቀን። ሶሉ ላይ ቀይ ጭቃ፣ ይህን ያህል። በአውራ ጣቴ ነው የጠረግሁት፣ ልብስሽ ሥር ሆኜ። ነክተሻል።"

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ለምን ዝም እንዳለች፣ ያን ሁሉ ወግ ስትጠብቅ ኖራ፣ ጠየቅኋት። እግሯን ከውሃው አወጣችና እንዲህ አለች፦

"ጠዋት መኪናው ውስጥ ልገባ ስል ወንድሜ ጠጋ ብሎ፣ 'እቱ፣ አንዲት ሰበብ ብታገኚ መልሺልኝ' ነው ያለኝ። ስመለስ የሱቁን ደጃፍ አልዘጋም ነበር። ያንቺን ቦታ ክፍት አድርጎ፣ ሰሌኑንም ሳያነሣ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። 'አላገኘሁም' አልኩት።"